«ብስኩት እገዛልሃለሁ» እያላችሁ ደግነት አታስተምሩ

«ልጄ ስስታም ሆነብኝ፤ ምን ይሻለኛል?» መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ስሠራ ይህን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ዕድሜውን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ያናድደኛል። በዚህ ዕድሜ ስም ይለጠፍበታል? ወላጆች ደጋግመው የሚሉኝን አራት ነገር ልመልስ።

«ልጅ ሲፈጠር ራስ ወዳድ ነው።» አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊሊክስ ቫርኔከን እና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። የ18 ወር ሕፃናት ፊት ዕቃ እየጣሉ ለማንሳት የተቸገሩ መሰሉ። ከ24ቱ ሕፃናት 22ቱ ቢያንስ አንዴ ረድተዋል። እርዱ ያላቸው የለም፤ የሚሸለሙትም ነገር አልነበረም።

«ካላካፈለ ስስታም ነው።» የወደቀ ዕቃ ማቀበል ከኪስ አያስወጣም። የራስን መስጠት ግን ከባድ ነው፤ ቆይቶ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት ከ3 እና 4 ዓመት ልጆች ከረሜላቸውን ያካፈሉት ጥቂት ነበሩ። በ7 እና 8 ዓመት ግን ወደ ግማሽ ተጠጉ። ታገሱት።

«ካደገ በኋላ አይለወጥም።» ይለወጣል። በጉርምስናም የሌላውን ችግር በሌላው ቦታ ሆኖ የማየት ችሎታው ገና እየበሰለ ነው።

«ከተሸለመ ደግነት ይለምዳል።» የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነበረን። ጓደኛው ስታለቅስ ማንም ሳይነግረው ሄዶ አሻንጉሊቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። እናቱ ደርሳ አየችና «ጎበዝ!» ብላ ከረሜላ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከረሜላ ሆነ። ወር ሳይሞላ አሻንጉሊቱን እንደያዘ እጁን ዘርግቶ «ከረሜላዬስ?» አለኝ።

እነዚያው ቫርኔከን እና ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ በ20 ወር ሕፃናት ላይ አይተዋል። ለረዱበት መጫወቻ የተሰጣቸው ሕፃናት፣ ሽልማቱ ሲቀር መርዳታቸው ቀነሰ። ምስጋና ብቻ የሰሙት ግን አልቀነሱም።

ስለዚህ ከረሜላውን ተዉትና ያደረገውን አሳዩት፤ «አየህ፣ ማልቀሷን አቆመች» በሉት። እናንተ ስትሰጡም ይይ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት እንዲጠራ ላኩት። የቆሎውን ሳህን እሱ ይያዝ፣ ለእንግዶቹ እሱ ያዙር። ይደፋል ብላችሁ አትቀሙት። ቢደፋ አብራችሁት ልቀሙ።