«አቢሲኒያ» ምንድን ነው? ምኒልክ በብሮድዌይ መድረክ ላይ

በፌብሩዋሪ 1906 ኒውዮርክ ውስጥ ማጄስቲክ ቴአትር የገባ ሰው መድረክ ላይ የአዲስ አበባን ገበያ ያይ ነበር። ፏፏቴ አለ። እውነተኛ ግመልም አለ። ዳግማዊ ምኒልክም አሉ፤ እውነተኛው ንጉሠ ነገሥት ገና ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠው አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ እሳቸውን ሆኖ ይሠራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«አቢሲኒያ» ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው። ቀልድ፣ ዘፈንና ጭፈራ ላላ ባለ ታሪክ የሚያያዙበት ተውኔት ማለት ነው። ያኔ ብሮድዌይ (የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር) በእንዲህ ዓይነት ሥራ የተጥለቀለቀ ነበር። ይኼኛው የሚለየው ከድርሰት እስከ ትወና የጥቁሮች ሥራ በመሆኑ ነው። ድርሰቱና ግጥሙ የጄሲ ሺፕና የአሌክስ ሮጀርስ፣ ሙዚቃው ደግሞ በርሊን ድረስ ሄዶ ቫዮሊን የተማረው የዊል ማሪዮን ኩክና የበርት ዊሊያምስ ነው።

የቲያትሩ ሞተር ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ዊሊያምስና ጆርጅ ዎከር። ዊሊያምስ ባሃማስ የተወለደ፣ ዎከር የካንሳስ ልጅ። ዎከር ሽክ ያለ አራዳ ሆኖ ይሠራል። ዊሊያምስ ደግሞ መከራ የማያጣው ገራገር ነው፤ ጥቁር ሆኖ ሳለ የዘመኑ መድረክ ይጠይቅ ስለነበር ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ ያጠቁር ነበር።

አፍሪካ እንዴት ወደ ልባቸው እንደገባች ሲሰማ ያስቃል። በ1894 ሳን ፍራንሲስኮ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ለትርዒት ከዳሆሜ (የዛሬዋ ቤኒን) ይመጣሉ የተባሉት ሰዎች ዘገዩ። አዘጋጆቹም እነዚህን ሁለት ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ቀጥረው «ዳሆሜዎች ናቸው» ብለው አቆሟቸው! እውነተኞቹ ሲደርሱ ወጣቶቹ እየሄዱ ያዩዋቸው ጀመር። ዎከር ስለ አፍሪካ መሥራት እንዳለባቸው ያሰበው ያኔ እንደሆነ በኋላ ራሱ ጽፏል። በ1903 «ኢን ዳሆሜ»ን ብሮድዌይ ላይ አሳዩ፤ በዚያው ዓመት ለንደን ሄደው ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ድረስ ገቡ።

ቀጥሎስ ለምን ሐበሻ አገር? ተውኔቱ የተከፈተው የአድዋ ድል 10ኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በ1903 መጨረሻ ደግሞ ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ገብቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራርሞ ነበር። ለጥቁር አሜሪካዊ የነጭን ጦር ድል የነሳ ጥቁር ንጉሥ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዎከር ገጸ ባሕርይ ሎተሪ ይደርሰዋል። ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ ከካንሳስ ይነሳና ሐበሻ ምድር ይደርሳል። እዚያም ጉድ ይፈላል። ዊሊያምስ የአበባ ማስቀመጫ ሰረቅህ ተብሎ ይያዛል፤ ቅጣቱ እጅ መቁረጥ ነው። (ቅጣቱ እንኳ በዚያ ዘመን እኛ ጋ ያልነበረ ነገር አይደለም።) የምኒልክ ፍርድ የሚሰማው በደወል ነው፤ ሦስት ጊዜ ከተመታ ነፃ፣ አራት ከሆነ እጁ ይሄዳል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ዝምታ። ዊሊያምስ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በፊቱ ብቻ አዳራሹን በሳቅ ያንፈራፍር ነበር።

ለእኔ የዚህ ሥራ ቁም ነገር ቀልዱ በማን ላይ እንደወደቀ ነው። መሳቂያዎቹ ከካንሳስ የመጡት ናቸው። ሐበሾቹ ግን የጨዋ አነጋገር ይናገራሉ፤ ንጉሡም ግርማ አላቸው። አፍሪካዊ ማለት የአውሬ ቆዳ ለባሽ «አረመኔ» በነበረበት መድረክ ይኼ ደፋር ነው። እርግጥ የአገሩ ሥዕል ከሩቅ የተሣለ ነው፤ ገበያው ከሸዋ ይልቅ የአረብ ተረት ቢመስል አይገርምም።

አንዳንድ ነጭ ሐያሲዎች አልወደዱትም። ሙዚቃው ከበደ፣ የለመድነው የ«ጥቁር» ጭፈራ አነሰ አሉ። ኩክ ታላላቅ የኅብረት ዝማሬዎች ጽፎ ነበርና። ኒውዮርክ ላይ 31 ጊዜ ብቻ ታየ።

ዎከር ታሞ በ1911 ሞተ። ዊሊያምስ በ1910 «ዚግፌልድ ፎሊስ» የተባለውን የብሮድዌይ ዓመታዊ ትርዒት ተቀላቅሎ የነጮቹ ቡድን ዋና ኮከብ ሆነ። እዚሁ «አቢሲኒያ» ውስጥ የዘፈናት «ኖባዲ» እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልለቀቀችውም፤ ሕዝቡ «ካልዘፈንካት አንለቅህም» ይለው ነበር። በ1906 በሸክላ አስቀርጿታል፤ ቅጂዋ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል።