ፕሌይባክ ምንድን ነው? "አልዘፈነችም" ማለት እንዳልሆነ እንነጋገር

ሰሞኑን አንድ የፊልም ተንታኝ፣ ስሙን ልተወው፣ ከመድረክ ወደ ፊልም ስለተወሰዱ ሚውዚካሎች (ታሪካቸው በዘፈን የሚነገር ድራማዎች) ሲያብራራ ሰማሁት። "ድሮ ተዋናዮቹ አይዘፍኑም ነበር፣ ሁሉም ፕሌይባክ ነው፣ አፋቸውን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሱት፣ ላይቭ የመጣው አሁን በቅርቡ ነው" ብሎ ቁጭ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ "አይ ማጭበርበር!" ይላል። ወላሂ ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

እኔ ደሴ ላይ ስቱዲዮ ቢጤ አለችኝ፣ ሰርግም መንዙማም ክሊፕም የመጣውን እቀርጻለሁ፣ እና ሰው ፕሌይባክ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ሲወረውረው መስማት ለምጄዋለሁ፣ አሁን ግን በዛ።

ፕሌይባክ ማለት ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ይቀረጻል፣ በቀረጻው ቀን ካሜራ ፊት በስፒከር ተመልሶ ይለቀቃል፣ ተዋናዩ እሱን እየተከተለ ይጫወታል። በቃ ይሄው ነው። ቃሉ የሚነግርህ መቼ እንደተዘፈነ ነው እንጂ ማን እንደዘፈነው አይደለም። የሌላ ሰው ድምጽ መተካት የራሱ ስም አለው፣ ዳቢንግ ይባላል፣ እና ሁለቱን አንድ ጆንያ ውስጥ ስትከታቸው ነው ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው።

በቡና ላስረዳ። ላይቭ ማለት እናቴ እንግዳ ፊት ረከቦት ዘርግታ፣ እዛው ቆልታ፣ እዛው ወቅጣ፣ አፍልታ ስትቀዳ ነው። ጀበናው ቢገነፍል እንግዳው እያየ ነው የሚገነፍለው። ፕሌይባክ ማለት ጠዋት በራሷ እጅ አፍልታ በፔርሙዝ ይዛ ሄዳ ከሰአት ስትቀዳ ነው። ጭሱና እጣኑ ቀርቷል እሺ፣ ግን ቡናው የሷ ነው፣ የቆላችውም እሷ ነች። ዳቢንግ ደግሞ ጎረቤት ያፈላችውን ቡና በራስህ ሲኒ ቀድተህ "አቦል ጀባ!" ስትል ነው። ያ ተንታኝ እንግዲህ ፔርሙዝ ባየ ቁጥር "የጎረቤት ቡና ነው!" ብሎ የሚጮህ ሰው ማለት ነው። ጎረቤቷ ስሟ ከተጠራና ከተመረቀች ደግሞ የጎረቤት ቡናም ቢሆን ነውር የለውም፣ እሱን ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክን እንውሰድ፣ 1965 የወጣው (አመቶቹን እንደ ፈረንጅ ነው የምጠራው)። ጁሊ አንድሪውስ ተራራው ላይ እየተሽከረከረች የምትዘፍንበትን መግቢያ ያላየ የለም። እዛ ላይ ካሜራው የነበረው ሂሊኮፕተር ላይ ነው፣ ንፋሱ ደጋግሞ መሬት ላይ ይጥላት እንደነበር ራሷ ስትናገር ኖራለች። ወንድሜ፣ ሂሊኮፕተር ከላይ እየጮኸ ላይቭ ዝፈኚ ልትላት ነው? ድምጹ ስቱዲዮ የተቀረጸ ነው፣ ድምጹ ግን የሷ የራሷ ነው። ፕሌይባክ ይሄ ነው። እዛው ፊልም ውስጥ ግን ካፒቴኑን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ፕለመር ሲዘፍን የምትሰማው የቢል ሊ የሚባል ዘፋኝ ድምጽ ነው። አንድ ፊልም፣ አንድ ቤት፣ እሷ ፔርሙዝ እሱ የጎረቤት ቡና። እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ልትጠራቸው ነው?

"ድሮ ላይቭ አልነበረም" የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ማይ ፌር ሌዲ መድረክ ላይ በ1956 ሲጀመር ዋናዋን ገጸባህሪ ኤላይዛን የተጫወተችው ያቺው ጁሊ አንድሪውስ ነበረች። በ1964 ፊልም ሲሆን ፕሮዲዩሰሩ ጃክ ዋርነር በፊልም ፊቱ የታወቀ ሰው ፈልጎ ኦድሪ ሄፕበርንን አመጣ። ኦድሪ ዘፈኖቹን ቀርጻ ነበር፣ በመጨረሻ ግን አብዛኛው ተነስቶ በዘፋኟ ማርኒ ኒክሰን ድምጽ ተተካ። ሰው የሚያወራው እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። አብሯት የሚጫወተው ሬክስ ሃሪሰን ግን እኔ አንድን ዘፈን ሁለቴ አንድ አይነት አድርጌ ልለው አልችልም፣ ፕሌይባክ አይሆንልኝም ብሎ እምቢ አለ፣ ስለዚህ ክራቫቱ ውስጥ ገመድ አልባ ማይክ ደብቀው ካሜራ ፊት ላይቭ ቀረጹት። በ1964! ፊልሙ የድምጽ ኦስካሩንም ወስዷል። እሱ ላይቭ፣ እሷ ዳቢንግ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ቆመው። (ጁሊ አንድሪውስም ያን አመት በሌላ ፊልም የምርጥ ተዋናይት ኦስካር በላች፣ ኦድሪ እጩ ውስጥም አልገባችም። ይሄ ከርእሱ ውጪ ነው ግን ደስ ይለኛል።)

ማርኒ ኒክሰን የዚህ ሁሉ ታሪክ ጎረቤት ነች። ኪንግ ኤንድ አይ ላይ በ1956 ለዲቦራ ካር ዘፈነች፣ ዌስት ሳይድ ስቶሪ ላይ በ1961 ለናታሊ ዉድ ዘፈነች፣ ፊልሞቹ ላይ ስሟ አልተጻፈም። ይሄኛው ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም የሞያው ጉዳይ እዚህ ነው ያለው። ናታሊ ዉድ ድምጼ ይገባል ብላ ራሷ ቀርጻ፣ በራሷ ድምጽ ፕሌይባክ ተጫውታ ጨረሰች። ከዛ በኋላ ነው ማርኒን ጠርተው በተቀረጸው ምስል ላይ፣ የናታሊን አፍ እያየሽ፣ እሷ የተነፈሰችበት ቦታ እየተነፈስሽ ዝፈኚ ያሏት። ይሄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቃል። ናታሊ ትንሽ ዘግይታ የከፈተችውን አፍ ማርኒ ዘግይታ መሙላት አለባት፣ ሙዚቃው ግን አይጠብቃትም። የሙዚቃው ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን በኋላ ከራሱ ድርሻ ሩብ ፐርሰንት ቆርሶ ሰጥቷታል፣ ሩብ ፐርሰንት ሲባል ትንሽ ይመስላል እንጂ የዛ ሸክላ ሩብ ፐርሰንት ቀላል አይደለም።

እኛ ጋ ግራ መጋባቱ ከየት መጣ ካላችሁኝ ግማሹ ከህንድ ፊልም ይመስለኛል። ህንዶች ፕሌይባክ ሲንገር የሚሉት ከተዋናዩ ሌላ የሆነውን ዘፋኝ ነው፣ እዛ ቃሉ በእርግጥም ማንን ይናገራል። ታላላቆቻችን በህንድ ፊልም ነው ያደጉት፣ ቃሉን ከነትርጉሙ ይዘውት ቀሩ። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ፣ ላታ ማንጌሽካር በ1949 ማሃል ለሚባለው ፊልም የዘፈነችው ሸክላ መጀመሪያ የወጣው በገጸባህሪዋ ስም ነበር፣ ሰዉ ይቺ ማን ናት ብሎ ራዲዮውን ሲያጨናንቅ ነው ስሟ የተነገረው። ከዛ ወዲህ እዛ አገር ፕሌይባክ ዘፋኝ ከተዋናዩ እኩል ኮከብ ነው፣ ማንም ተጭበረበርኩ አይልም። ጎረቤቷ ስሟ ተጠርቶ ተመረቀች፣ ያልኳችሁ ይሄን ነው። ሆሊውድ ላይ ያስቀየመው ዳቢንጉ ሳይሆን መደበቁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ያመኛል፣ ማንም አልጠየቀኝም አውቃለሁ። ክሊፕ የምትሰሩ ልጆች፣ አፉ አልገጥም አለ ብላችሁ ኤዲተሩን ከመስደባችሁ በፊት ሞንታርቦው የት ነበር የቆመው? ድምጽ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ዘፋኙን ጫፉ ላይ፣ ሞንታርቦውን ጄኔሬተሩ አጠገብ 34 ሜትር ርቀት ላይ ካቆማችሁት ዘፈኑ ጆሮው የሚደርሰው ከአንድ አስረኛ ሰከንድ በኋላ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ የምትቀርጹት ሁለት ፍሬም ተኩል ዘገየ ማለት ነው፣ ይታያል። (ብርድ ላይ ደግሞ ድምጽ ትንሽ ይዘገያል፣ ከፍታው አይደለም ቅዝቃዜው ነው።) አንድ ጊዜ ሐይቅ ዳር አንድ ልጅ ስንቀርጽ ሞንታርቦው ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ ብለው ራቅ አደረጉት፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ልክ ነበር፣ ማታ ስናየው ጥርስ እንደተነቀለ ሰው ቃል ሁሉ እየቀደመው። ልጁ ራሱ ነው የዘፈነው፣ ሰው ግን "ሌላ ሰው ነው የዘፈነለት" አለ። ያ ሁሉ ሀሜት የስፒከር ቦታ ነው።

እሺ ወደ ላይቭ። ሌ ሚዜራብል በ2012 ፊልም ሲሆን ዳይሬክተሩ ቶም ሁፐር ሁሉንም ካሜራ ፊት ላይቭ አስዘፈናቸው። ጆሯቸው ውስጥ ትንሽ ኢርፒስ፣ ከካሜራው ውጪ አንድ ሰው ፒያኖ ላይ፣ ተዋናይዋ ስትቆም ይቆማል፣ ስታለቅስ ይጠብቃል፣ ኦርኬስትራው ከወራት በኋላ በሷ አካሄድ ላይ ተደረበ። ሰዉ "እውነተኛ ድምጻቸው ስለሆነ ነው የሚያስለቅሰው" ይላል። ተሳስቷል። የሚያስለቅሰው የኔ ነው የሷ ነው ሳይሆን ውሳኔው እዛው ስለተወሰነ ነው። በፕሌይባክ ተዋናይዋ የት እንደምትሰበር፣ የት ትንፋሽ እንደምታጥር ከሳምንታት በፊት፣ ልብሱን ሳትለብስ፣ አጠገቧ የሚያለቅስ ህጻን ሳይኖር፣ ስቱዲዮ ውስጥ ጃኬት ደርባ ወስናዋለች። ካሜራ ፊት ሌላ ስሜት ቢመጣባትም የትናንቷን ራሷን መከተል አለባት።

ይሄን ያስተማረኝ ፊልም አይደለም፣ መንዙማ ነው። አንዴ መሪውን ለብቻ፣ ተቀባዮቹን ለብቻ፣ ድቤውን ለብቻ በክሊክ (ጆሮ ውስጥ ምቱን እየቆጠረ በሚሄድ ድምጽ) ቀርጬ ላገጣጥም አልኩ፣ ንጹህ ይሆናል ብዬ። ንጹህ ሆነ፣ ሞቶ። መሪው ሸኽ ሰምተው "ልጄ፣ ይሄ እኔ ነኝ ወይ?" አሉኝ። ድምጹ የሳቸው ነው፣ ማንም አልተካቸውም። ግን ሐድራ ላይ እሳቸው ሲያወጡ ተቀባዩ ሲሞቅ ይጨምራሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳሉ፣ ድቤው እጃቸውን እያየ ነው የሚሄደው። እኔ ያን ሁሉ ለክሊኩ ሸጥኩት። በነጋታው ሰብስቤ በሁለት ማይክ አንድ ላይ ቀረጽኳቸው፣ ሳሉ ገባ፣ ውሻ ገባ፣ ቡና ሲቀርብ የሲኒ ድምጽ ገባ፣ ሸኹ ወደዱት።

ላይቭ ግን ዋጋ አለው፣ እሱንም ተንታኛችን አይነግራችሁም። አካሄዱ በየቀረጻው ከተለያየ የአንዱን ቀረጻ ከሌላው ጋር ቆርጠህ መቀጠል አትችልም፣ ስለዚህ ረጅም፣ ሳይቆረጥ፣ ፊት ላይ ተለጥፎ መቅረጽ ይመጣል። ሌ ሚዜራብል ላይ "ካሜራው ለምን አፍንጫቸው ላይ ተቀመጠ" የሚለው ቅሬታ ግማሽ መልሱ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ስድሳ ሰው የሚጨፍርበትን ዘፈን ደግሞ በላይቭ እቀርጻለሁ የሚል ካለ ይምጣና እስክስታ እየመታ ትንፋሹን ላዳምጠው።

የዘፈን ምርጫውም ከዚህ ነው የሚመጣው። ሌ ሚዜራብል ላይ አን ሃታዌይ ኦስካር የበላችበት ዘፈን መድረክ ላይ ሴትዮዋ ከስራ እንደተባረረች ነው የሚዘፈነው፣ ፊልሙ ላይ ግን ጸጉሯን ሸጣ፣ ጥርሷን ሸጣ፣ ገላዋን ሸጣ ካለቀላት በኋላ ተደረገ። መድረክ ላይ ከዛ ሁሉ በኋላ በየማታው እንደዛ የተሰበረ ድምጽ ማውጣት ጉሮሮ አይችለውም፣ ፊልም ላይ አንዴ ከወጣ በቃ። ካባሬ የሚባለው ሚውዚካል በ1972 ፊልም ሲሆን ደግሞ ታሪኩ ውስጥ ካለው ክለብ መድረክ ውጪ የሚዘፈኑትን ከአንዱ በስተቀር አውጥቶ ጣላቸው፣ ምክንያቱም ካሜራ ፊት ሰው መንገድ ላይ በድንገት ሲዘፍን ይከብዳል፣ ክለብ ውስጥ ሲሆን ግን ስራው ነው። አዲስ የሚጨመሩት ዘፈኖች ሌላ ጣጣ አላቸው፣ ኦስካር ለፊልሙ ተብሎ ያልተጻፈ ዘፈን አይቀበልም፣ ስለዚህ ሌ ሚዜራብል ላይ "ሰደንሊ" የሚለው አዲስ ዘፈን የተጨመረው ለታሪኩ ብቻ ነው ብላችሁ አትከራከሩኝ።

ቶን ላይ፣ ማለትም ዘፈኑ ከየት ከፍታ እንደሚነሳ፣ ትንሽ። ዌስት ሳይድ ስቶሪ ላይ ሪታ ሞሬኖ፣ ራሷ ዘፋኝ የሆነችው፣ አንዱ ዘፈን ለድምጿ ወርዶባት ቤቲ ዋንድ ነች የዘፈነችላት። "ታዲያ ቶኑን ከፍ አያደርጉላትም ነበር?" ትሉኛላችሁ። ሁለት ሴቶች የሚቀባበሉት ዘፈን ነው፣ ለአንዷ ብለህ ካነሳኸው ለሌላዋ ይወጣል። ብቻዋን ቢሆን ይቻል ነበር፣ ቶን መቀየር ቅኝት መቀየር አይደለምና፣ ባቲን ከፍ ብታደርገው ዝቅ ብታደርገው ባቲ ነው፣ ይሄንንም የሚያምታቱ አሉ፣ ሌላ ቀን።

የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ድምጹን አጥፉትና አንገቷን እዩ። በፕሌይባክም ቢሆን ጥሩዎቹ ካሜራ ፊት ጮክ ብለው ነው የሚዘፍኑት፣ ስለዚህ የአንገቱ ጅማት ይወጣል፣ ከረጅም ስንኝ በፊት ትከሻ ከፍ ይላል። ከዛ ድምጹን መልሱና "ም" እና "ብ" ላይ ከንፈሩን ጠብቁ፣ በኋላ የተተካ ድምጽ ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው ከንፈር የሚገጥምባቸው ፊደላት ላይ ነው። እሱም ካልገጠመ፣ መጀመሪያ ሞንታርቦው የት እንደነበር ጠይቁ።