«ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት»፤ በአቤትና በወዴት መካከል ያለው ዘመን

ይህ አነጋገር ሰሞኑን በስብሰባ አዳራሽም በስብከት መድረክም ያለ ቦታው ሲገባ ይሰማል። አለቃው ስለ ሠራተኛው፣ «ተልኬ መጣሁ» ባዩ ስለ ተከታዩ ይጠቀምበታል። ሁለቱም ሊሉ የፈለጉት «ያልኩትን ሁሉ ሳይጠይቅ ያደርግልኛል» ነው። የወሎን የመላላክ ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ ያሳዝናል፤ አነጋገሩ የሚያመሰግነው ሌላ ዓይነት ልጅ ነውና።

በወሎ፣ በላስታና በዋድላ ደላንታ፣ ገደል ቤትን ከቤት በሚለይበት አገር፣ ልጅ የሚጠራው ከማዶ ነው። ጠሪው የስሙን መጨረሻ ጎትቶ ያስረዝማል። ልጁ ከከብቱ መሀል ሆኖ «አቤት!» ይላል፤ ነፋስ ካለ ይደግመዋል። መልእክቱ ግን ከማዶ አይነገርም፤ ልጁ መቅረብ አለበት። ገደል ድምፅ ይቆርጣል፤ «አንድ ቁና ጤፍ አበድሩን በል» ተብሎ የተጮኸው «አንድ ቁና» ብቻ ሆኖ ይደርስና ልጁ ባዶ ቁና ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ ቀርቦ «ወዴት?» ይላል። ላኪውም የማን ቤት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚል፣ ማን ላከኝ እንደሚል ይነግረዋል። ልጁ ቃሉን እዚያው ይደግማል፤ ከተሳሳተ ይታረማል። ከዚያ ላኪው መሬት ላይ እንትፍ ብሎ «ይቺ ሳትደርቅ ተመለስ!» ይለዋል። በበጋ ፀሐይ በጋለ ድንጋይ ላይ ምራቅ ልጁ ከግቢ ሳይወጣ ይደርቃል፤ በክረምት አፈር ላይ ደግሞ ይቆያል። ሰዓት መለኪያ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መንገድ ላይ አትቁም፣ እረኛ ጋር አትጫወት ማለት ነው።

መላላክ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንዱ ሳይጨርስ ሰምቶ ይሮጣል፣ ሌላው መልሱን ሳይዝ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከራሱ የሚጨምረው ነው። «ቀንበሩን ስጡኝ ብላለች» የተባለው ልጅ «ተቆጥታለች» የምትል ቃል ካከለበት ሁለት ቤት ይጣላል። የተላከ ልጅ ሥልጣንም ያለው በተላከበት ቃል ላይ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ «አባባ ልኮኝ ነው» ሲል ሽማግሌው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ቀንበሩን ያወርድለታል፤ ያው ልጅ በማግሥቱ ለራሱ ቢጠይቅ «ሂድ ተጫወት» ይባላል። ያስነሣው የአባቱ ቃል ነው፤ ቃሉ ሲያልቅ ሥልጣኑም ያልቃል።

አነጋገሩ ግን ከቤት የወጣ አይመስለኝም፤ እኔ ከገዳምና ከአብነት ትምህርት ቤት ነው የወጣው ባይ ነኝ። በቤት ውስጥ መጥራትና መላክ ልጁ እንደ ቀረበ ያልቃሉ፤ ሁለቱን እንዲህ ለይቶ ማሰማመር ያስፈለገው በመካከላቸው ረጅም ጊዜ ባለበት ቦታ መሆን አለበት። ያ ቦታ ደግሞ ወሎ ውስጥ ሞልቷል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደቀ መዛሙርት ሲሰበስቡ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው በእግራቸው ሥር ለዓመታት ኖረዋል። በገዳም ሥርዓት ከዓለም ተጠርቶ የመጣ ሰው ወዲያው ቆብ አይደፋም። ሦስት ዓመት በዐመክሮ፣ ማለትም በፈተና ጊዜ፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል፣ ለአረጋውያን ይላላካል። የቅዱሳን ታሪክ የሚነበብበት ስንክሳር ጥቅምት 20 ቀን የሚያነሣው አባ ዮሐንስ ሐጺርም መምህሩ የተከለውን ደረቅ እንጨት ከሩቅ ውኃ እየቀዳ ሦስት ዓመት አጠጣ፤ ሲያፈራም መምህሩ ፍሬውን ለመነኮሳቱ ይዞ ገብቶ «የመታዘዝን ፍሬ ብሉ» አላቸው። ያ ሁሉ ዘመን «አቤት» ነው፤ «ወዴት» ገና አልተባለም።

በዋድላ ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ደበሎ ለባሹ ተማሪ በቁራሽ እያደረ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ባለው አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና፣ ይጀምራል። ቅኔውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ፣ ያፈርሳሉ። ጉባኤ ቃናው ያልሞላለት ልጅ ስምንት ቤት ያለውን ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ ልዝረፍ (ልቀኝ) ብሎ በእሑድ ማኅሌት ቢቆም ቤቱ ይጎድልበታል፣ ሊቃውንቱም ያስቀምጡታል። ወንበር ዘርግቶ ሊያስተምር የሚሄደው ሁሉን አዳርሶ፣ አስመስክሮ፣ በመምህሩ ተመርቆ ነው። በወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች፣ በጀማ ንጉሥ፣ በገታና በዳና የሚቀራው ደረሳም (ተማሪም) ሸኹን እየኻደመ (እያገለገለ) ዓመታት ይቀመጣል፤ ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፣ ሳያገኝ ተቀምጦ አያስቀራም። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ በዚህ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ።

ሳይላክ የሮጠ ምን እንደሚገጥመው በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 18 የተጻፈው አኪማአስ ያሳያል። የዳዊት ጦር አዛዥ ኢዮአብ ኩሻዊውን ልኮ ሳለ አኪማአስ «እኔም ልሩጥ» ብሎ ለመነ፤ እግሩም ፈጣን ነበርና ቀድሞ ደረሰ። ዳዊት ስለ ልጁ ስለ አቤሴሎም ሲጠይቀው ግን «ታላቅ ሁከት አየሁ፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረውም። ንጉሡ «ፈቀቅ ብለህ ቁም» አለው። ንጉሡ የሚጠብቀው ወሬ የደረሰው በኩሻዊው አፍ ነው።

ዛሬ ግን አቤት ያለበት ቦታ ሳይታወቅ፣ የላከው ሳይጠየቅ፣ «እግዚአብሔር ልኮኛል» ብሎ ገንዘብ፣ ጉልበትና ትዳር የሚያዝ በዝቷል። የሚታዘዙትንም በዚህ በከበረ አነጋገር ያመሰግናቸዋል። ተዉ! «ወዴት» ጥያቄ ነው። «የት ነው? ለማን? በማን ስም?» ብሎ የጠየቀ ሠራተኛ አለቃውን አልናቀም፤ «ማን መረቀህ? የት ተማርክ?» ብሎ የጠየቀ ምእመንም አላመፀም። ሙሴ ከቁጥቋጦው ሲጠራ «እነሆኝ» አለ፤ ወደ ፈርዖን ሲላክ ደግሞ «ስሙ ማን ነው ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ጠየቀ እግዚአብሔር አልተቆጣውም፤ ስሙን ነገረው፣ በትሩንም ምልክት አደረገለት። እግዚአብሔር ሙሴን የተቆጣው በኋላ ነው፤ ሁሉ ከተነገረው በኋላ «ሌላ ሰው ላክ» ሲል።