ጥንድ ዞሪ ፕላኔት ምንድን ናት?

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። በሬዲዮ አንድ እንግዳ ስለ ሩቅ ፕላኔቶች ይናገራል። ሁለት ፀሐይ ያላት ፕላኔት እንዴት እንደምትዞር ሲጠየቅ፣ በሁለቱ ኮከቦች መካከል እንደምትኖር፣ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያካለለች በስምንት ቁጥር ቅርጽ እንደምትመላለስ አስረዳ። ታክሲው የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ቁልቁል ሲወርድ እኔ አሁንም ከዚያ ስምንት ቁጥር ጋር እየተሟገትኩ ነበር። ይህን አባባል በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሥራዬ እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ኮከቦችን መለካት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ፕላኔቷ በሁለቱ መካከል አትኖርም። ሁለቱ ኮከቦች ተቀራርበው እርስ በርስ ይዞራሉ፤ እርሷ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ራቅ ብላ ትዞራለች። ጥንዱን እንደ አንድ ማእከል ይዛ ስለምትዞር ጥንድ ዞሪ እላታለሁ።

ከቤቴ ጀርባ የጎረቤቴ አውድማ አለ። በታኅሣሥ እህሉ ተወቅቶ፣ ጭዱ ተከምሮ ሲያበቃ፣ በእበት የተለቀለቀው ለጥ ያለ መሬት ለልጆች ይቀራል። የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ ትንሽ ወንድሟን ሁለት እጁን ይዛ ታሽከረክረዋለች። ልብ ብላችሁ ካያችሁ እርሷም በቦታዋ አትቆምም። ከባድ ስለሆነች ክቧ ጠባብ ነው፤ እርሱ ቀላል ስለሆነ ክቡ ሰፊ ነው፤ ግን ሁለቱም የሚዞሩት በመካከላቸው ያለ፣ ለእርሷ የሚቀርብ አንድ ባዶ ነጥብ ነው። ሦስተኛ ልጅ ደግሞ ከውጭ፣ በአውድማው ዳር ዳር፣ ሁለቱን እየዞረች ትሮጣለች። ያቺ ሦስተኛዋ ናት ጥንድ ዞሪዋ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 በሎረንስ ዶይል የሚመራው ቡድን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ይፋ ያደረጋት ኬፕለር-16ቢ ልክ እንዲህ ናት። ትልቁ ኮከብ የፀሐያችንን ክብደት 69 በመቶ፣ ትንሹ 20 በመቶ ያህል ይመዝናል። ሁለቱ በ41 ቀናት አንድ ጊዜ እርስ በርስ ይዞራሉ፤ ፕላኔቷ ሁለቱን በ229 ቀናት ታካልላለች። እርሷ አንድ ዙር እስክትጨርስ እኅትና ወንድም አምስት ጊዜ ተኩል ይሽከረከራሉ ማለት ነው።

አሁን ሦስተኛዋ ልጅ በእኅትና በወንድም መካከል እየገባች ስምንት ቁጥር ልትሠራ ብትሞክር ምን ይሆናል? ገና በመጀመሪያው ዙር የሚሽከረከረው ወንድም እግር ይመታትና ከአውድማው ውጭ ትወድቃለች። እዚህ ላይ ግን ምሳሌዬን ማረም አለብኝ። ልጆቹን ያያያዛቸው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ የያዘውን ብቻ ይይዛል። ኮከቦቹን ያያያዛቸው ስበት ግን ሦስተኛዋንም ይጎትታል። ስለዚህ ፕላኔቷ እስክትመታ ድረስ መቅረብ እንኳ አያስፈልጋትም። ከልክ በላይ ከቀረበች፣ የሚሽከረከሩት ኮከቦች አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እየጎተቱ ምሕዋሯን ያዛቡታል፤ መጨረሻዋም ከአንዱ ኮከብ ጋር መጋጨት ወይም ወደ ጨለማው ጠፈር መወርወር ነው። ተመራማሪዎቹ ሆልማንና ዊገርት እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን በኮምፒውተር አስልተው፣ ፕላኔቷ ሳትናወጥ ለመኖር በሁለቱ ኮከቦች መካከል ካለው ርቀት ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ያህል መራቅ እንዳለባት አሳይተዋል። ልኩ በኮከቦቹ ክብደትና በምሕዋራቸው መሞላለል ይወሰናል። በኬፕለር-16 ኮከቦቹ በአማካይ 33 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ፕላኔቷ 105 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትዞራለች። ከሦስት እጥፍ ጥቂት ይበልጣል። ድንበሩን ተጠግታ፣ ግን ድንበሩን ሳታልፍ ትኖራለች። ከተገኙት ጥንድ ዞሪዎች ብዙዎቹ እንዲሁ ከድንበሩ ብዙም ሳይርቁ መገኘታቸው እስከ ዛሬ የሚያነጋግር ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ራቅ ብለው ተፈጥረው ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንደተጓዙና እዚያ እንደቆሙ ያስባሉ።

የሒሳብ ሰዎች እንዳይቆጡኝ አንድ ነገር ልጨምር። በስበት ሕግ የስምንት ቁጥር መንገድ ፈጽሞ የለም አልልም። እኩል ክብደት ያላቸው ሦስት አካላት በአንድ ስምንት ቁጥር ላይ እየተከታተሉ ሊዞሩ እንደሚችሉ በስሌት ታውቋል፤ የሒሳብ ማረጋገጫውም እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። ነገር ግን ፕላኔት ከኮከብ ጋር እኩል አትመዝንም። በሬዲዮ የተነገረው ስለዚያ አልነበረም።

«በመካከልም ሆነ በዙሪያ፣ ለተራ ሰው ምን ለውጥ አለው? ዋናው ሁለት ፀሐይ መኖሩ ነው» ያለኝ ሰው አለ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ፕላኔቷ የተገኘችው ሁለቱን በመዞሯ በሚታይ ምልክት ነው።

ወደ አውድማው ልመለስ። እኔ በዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከልጆቹ የማየው ጥላቸውን ብቻ ነው እንበል። ወንድም በእኅቱ ፊት ያልፋል፤ ቀጥሎ እርሱ ከኋላዋ ይደበቃል። ይህ እንደ ሰዓት የማይዛነፍ ነው። የኬፕለር ጠፈር ቴሌስኮፕ ያየውም ይህንኑ ነው፦ ትንሹ ኮከብ ትልቁን ሲጋርድ ብርሃኑ በ13 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ትንሹ ከትልቁ ኋላ ሲገባ በ1.6 በመቶ ያህል። ይህ ብቻ ቢሆን እኔ በየጊዜው የምለካው ተራ ጥንድ ኮከብ ነበር። ነገር ግን ሌላ ሦስተኛ ቅናሽ ታየ፤ 1.7 በመቶ ያህል። አራተኛም፣ 0.1 በመቶ ብቻ የሆነ። ሦስተኛው ፕላኔቷ በትልቁ ኮከብ ፊት ስታልፍ፣ አራተኛው በትንሹ ፊት ስታልፍ ነው።

ዋናው ነገር የመጣው ከጊዜው ነው። ፕላኔት አንድ ኮከብ ብቻ ብትዞር በፊቱ የምታልፈው በእኩል ልዩነት ነው። በኬፕለር-16 ግን በሦስተኛው ዓይነት ቅናሽ መካከል አንድ ጊዜ 230 ቀናት፣ ቀጥሎ 221 ቀናት ተቆጠሩ። ዘጠኝ ቀን! ፕላኔቷ አልፈጠነችም፤ እኅት ቦታዋን ቀይራ ነው። ሦስተኛዋ ልጅ ዞራ ስትመጣ እኅት በዚያች ቅጽበት ወደ ግራ ተንሸራትታ ከሆነ ቀድማ ታገኛታለች፤ ወደ ቀኝ ከሆነ ዘግይታ። የእያንዳንዱ ቅናሽ መፍጠንና መዘግየት ኮከቦቹ በዚያ ሰዓት ከነበሩበት ቦታ ጋር ሲገጥም፣ የምትዞረው ሁለቱን መሆኑ ተረጋገጠ።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት ከሙያዬ የመጣ ነው። በእኩል ልዩነት የሚመጣ ትንሽ ቅናሽ ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ ከኋላ በጣም ርቆ ያለ ሌላ የሚጋረድ ጥንድ ኮከብ ብርሃኑ ሲቀላቀል ፕላኔት ይመስላል። እንዲህ ያለ ተለዋዋጭ ጊዜ ግን ከኋላ ያለ ጥንድ ሊያስመስለው አይችልም። ከዚህም በላይ፣ ፕላኔቷ በስበቷ ኮከቦቹን በጥቂቱ ስለምትጎትት የራሳቸው የግርዶሽ ሰዓት ትንሽ ይዛነፋል፤ ከዚያ ክብደቷ ተሰላ፦ የጁፒተር ሲሶ ያህል፣ ለሳተርን የቀረበ።

ለነገሩ የእኔው ዘርፍ በዚሁ በሰዓት መዛነፍ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል። ግርዶሽ የዘገየ በተገኘ ቁጥር «የማትታይ ፕላኔት አለች» የሚሉ ጽሑፎች ታትመዋል። ኤች ዩ አኳሪ ለተባለው ጥንድ የተነገሩት ፕላኔቶች ምሕዋራቸው ሲሰላ ሳይናወጡ ሊቆዩ የማይችሉ ሆኑ። ቪ 471 ታውሪ በተባለ ሌላ ጥንድ ይኖራል የተባለው ቡናማ ድንክ (ከፕላኔት የሚከብድ፣ ኮከብ ለመሆን ግን ክብደት ያነሰው አካል) እ.ኤ.አ. በ2015 በኃይለኛ ካሜራ ተፈልጎ አልተገኘም። ኮከቦች ማግኔታዊ ለውጥ አላቸው፤ ቅርጻቸው በጥቂቱ ሲለዋወጥ የግርዶሹም ሰዓት ይዛነፋል። ስለዚህ የሰዓት መዛነፍ ብቻውን አያሳምነኝም፤ ፕላኔቷ በኮከብ ፊት ስታልፍ መታየት አለባት፣ ወይም ሌላ ራሱን የቻለ ማስረጃ መኖር አለበት። ለኬፕለር-16ቢ ይህም ተሟልቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በፈረንሳይ ኦት ፕሮቫንስ በሚገኝ ቴሌስኮፕ የትልቁን ኮከብ ውዝዋዜ በመለካት ከመሬት ተረጋግጣለች።

ሌላው የሚቀላቀለው ነገር ከሁለት ኮከቦች አንዱን ብቻ የምትዞር ፕላኔት ናት። ጋማ ሴፊ በተባለው ጥንድ ፕላኔቷ ትልቁን ኮከብ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ትዞራለች፤ ሁለተኛው ኮከብ ግን ርቆ ሄዶ አንድ ዙር ለመጨረስ 67 ዓመት ያህል ይወስድበታል። እዚህ ሦስተኛዋ ልጅ የእኅትን ቀሚስ ይዛ እርሷን ብቻ ትዞራለች፤ ወንድም ከአውድማው ማዶ፣ ከማሳው ጫፍ ነው ያለው። ይህችም ሁለት ፀሐይ አላት። ስለዚህ «ሁለት ፀሐይ ያላት» የሚለው አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያጨናብራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ስም ያወጣችላት አቦልም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ወሬ ውስጥ ትገባለች፤ አቦል የምትዞረው ቡና የተባለውን ኮከብ ነው፤ ጥንድ ዞሪ አይደለችም።

ስለ ሙቀቱ ባጭሩ። ሁለት ፀሐይ ማለት እጥፍ ሙቀት ማለት አይደለም። የኬፕለር-16 ኮከቦች ሁለቱም ከፀሐያችን በጣም ደካሞች ናቸው፤ ናሳ የፕላኔቷን ሙቀት ከዜሮ በታች ከ73 እስከ 101 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገምቷል። ሁለቱ ኮከቦች ከዚያ ሲታዩ ክንድን ዘርግቶ በስንዝር ቢለካ ርቀታቸው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ አንዴ ይቀራረባሉ፣ አንዴ ይጋረዳሉ፣ የሚጠልቁበት ተራም ይለዋወጣል።

«የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኬፕለር-16ቢ ሁለት ተራ ኮከቦችን ስትዞር በግርዶሽ በግልጽ የታየች የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ በፊት ግን ኤም 4 በተባለው የኮከቦች ክምችት ውስጥ ፐልሳርንና ነጭ ድንክን (ሁለቱም የሞቱ ኮከቦች ቅሪት ናቸው) በአንድ ላይ የምትዞር ፕላኔት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ስትጠረጠር ቆይታ በ2003 በሃብል ጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ ተረጋግጣለች። በኋላም በ2012 ኬፕለር-47 በተባለ ጥንድ ዙሪያ ሁለት ፕላኔቶች በአንድ ጊዜ ይፋ ሆኑ፤ ሦስተኛዋ በ2019 ተጨመረች። በዚያው ዓመት ክረምት የ17 ዓመቱ ተለማማጅ ዎልፍ ኩኪየር በናሳ ጎዳርድ ማእከል የቴስ ጠፈር ቴሌስኮፕን መረጃ ሲመለከት ቶይ-1338ቢ የተባለችውን ጥንድ ዞሪ አገኘ፤ መጀመሪያ የኮከቦቹ የራሳቸው ግርዶሽ መስሎት ነበር፤ ሰዓቱ ግን አልገጠመም። እነሆ ያው ሰዓት!

እስከ ዛሬ በግርዶሽ የተገኙት ጥንድ ዞሪዎች አሥራ ጥቂት ብቻ ናቸው። ይህ ማለት በሰማይ ጥቂት ናቸው ማለት አይደለም። ፀሐይን ከሚመስሉ ኮከቦች ግማሽ ያህሉ ጓደኛ አላቸው። እኛ ግን የምናየው ምሕዋራቸው ወደ እኛ በትክክል የዞረውን ብቻ ነው፤ ያም አይጸናም። የኬፕለር-16ቢ ምሕዋር ቀስ እያለ ስለሚያጋድል፣ በትንሹ ኮከብ ፊት ማለፏ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በትልቁ ፊት ማለፏ በ2018 ከእኛ እይታ ተቋርጧል፤ በ2042 ገደማ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ዛሬ አንድ ሰው ከእንጦጦ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አንዱን ወደዚያ ቢያዞር ሁለቱ ኮከቦች ሲጋረዱ ያያል፤ ፕላኔቷ ግን ከብርሃኑ ፊት አታልፍለትም።

ያለ ቴሌስኮፕ ማየት ለምትፈልጉ፣ በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የከተማውን ብርሃን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ወደ ሰሜን ቁሙ። እኛ በሱሉልታ በኩል ስለሆንን እንጦጦ ብርሃኑን ከልሎልናል። ከፍ ብሎ አልጎል የሚባል ኮከብ አለ፤ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ለጥቂት ሰዓታት ደብዝዞ ይመለሳል፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ሁለት ኮከቦች ናቸው የሚጋረዱት። እነዚያን ሁለቱን ደግሞ ከውጭ፣ ራቅ ብሎ፣ ሦስተኛ ኮከብ በ680 ቀናት ገደማ ይዞራቸዋል። ፕላኔት አይደለም፤ የቆመበት ቦታ ግን ያች ከአውድማው ዳር የምትሮጠው ልጅ ያለችበት ነው።