የጎንደር በረራ፦ ስረዛ እና የኮድ ሼር ትኬት

ጎንደርን በአየር የሚጎበኝ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው አዘዞን ነው። እዚያ ያለው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በትኬትና በሻንጣ ወረቀት ላይ የሚታወቀው “ጂ ዲ ኪው” በሚሉት ሦስት ፊደላት ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል።

በረራ የሚሰረዘው በብዙ ምክንያት ነው። ክረምት ላይ ጉምና ዝናብ አለ። አንድ አውሮፕላን በቀን በርካታ ከተሞች ስለሚመላለስ፣ ጠዋት ሌላ ቦታ ያጋጠመው ብልሽት ከሰዓት በኋላ የአዘዞን መንገደኛ ያስቀራል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ “ተሰርዟል” ሲባል የሚገርመው ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። የጸጥታ ችግርም አለ። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ማረፊያው በሮኬት ተመትቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት በረራው ለቀናት ተቋርጦ ነበር።

ነገሩ የሚወሳሰበው ከውጭ አገር ለሚመጣው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አሊያንስ (የአየር መንገዶች ኅብረት) አባል ሲሆን፣ ከሉፍታንዛ፣ ከዩናይትድና ከሲንጋፖር አየር መንገድ ጋር የኮድ ሼር ስምምነት አለው። ኮድ ሼር ማለት አንዱ የሚያበረውን አውሮፕላን ሌላው በራሱ የበረራ ቁጥር መሸጡ ነው። ስለዚህ ትኬቱ ላይ “ኤል ኤች” ብሎ የሚጀምር የሉፍታንዛ ቁጥር ተጽፎ፣ በሩ ላይ የቆመው አውሮፕላን ጅራቱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሊሆን ይችላል። አብራሪው ድርጅት ማን እንደሆነ ከቁጥሩ ሥር በትንሽ ጽሑፍ ይገለጻል፤ መነበብ ያለበት እሱ ነው።

ለምን ቢባል፣ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ካሳ የሚያስከፍለው ትኬት የሸጠውን ሳይሆን በረራውን የሚያካሂደውን ነው። ከፍራንክፈርት እስከ ጎንደር በአንድ ቡኪንግ የተያዘ ጉዞ እንደ አንድ በረራ ይቆጠራል። በአየር መንገዱ ጥፋት መድረሻው ላይ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ የዘገየ መንገደኛ 600 ዩሮ መጠየቅ ይችላል። ጉም ወይም ግጭት ከሆነ ካሳው ይቀራል፤ ምግብና ማደሪያው ግን አይቀርም። የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት በበኩሉ፣ በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት ሻጩንም አብራሪውን ድርጅትም መክሰስ ይፈቅዳል።

የአገር ውስጡን ትኬት ለብቻው የገዛ ሰው ግን ይህ ከለላ የለውም። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠው፣ ሳይመጣ እንደቀረ ይቆጠራል። ጥር ላይ ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ቀጣዮቹ በረራዎች በጥምቀት ተጓዦች ስለሚሞሉ ምትክ መቀመጫ ማግኘት ይከብዳል። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት የሚወርዱት በከተራ፣ ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣ ዘመድ ካለዎት፣ ጥር 8 አዘዞ እንዲደርስ አድርገው ትኬቱን ያስይዙለት።