ቤሊንዞና፦ ሸለቆ የዘጉ ሦስት ግንቦች

ከሚላን ወደ ዙሪክ የሚሄደው ባቡር ቤሊንዞና ላይ ለአፍታ ቆሞ ይነሳል። ብዙው ተሳፋሪ ከስልኩ ቀና ሳይል ያልፋታል። ድሮ ግን እንዲህ በዋዛ የምትታለፍ ከተማ አልነበረችም። ግንቦቿ የተሠሩት ሰው ዝም ብሎ እንዳያልፍ ነው።

ቤሊንዞና የቲቺኖ ካንቶን ዋና ከተማ ናት። ቲቺኖ በስዊዘርላንድ ደቡብ ጫፍ የሚገኝ፣ ሕዝቡ ጣሊያንኛ የሚናገርበት ክልል ነው። ዋና ከተማ ስለተባለች ግን ትልቅ ነገር አትጠብቁ። በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጎረቤት ቀበሌዎች ጋር ተዋህዳ 13 የነበሩት አስተዳደሮች አንድ ሲሆኑ ነው ነዋሪዋ ከ40 ሺህ ያለፈው። አሮጌው ከተማ እንደ ድሮው ትንሽ ነው። ቡና ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ የሚያውቋችሁን ሰዎች ሁሉ የምታገኙበት ዓይነት ቦታ ነው።

ነገሩ የሚገባው መልክዓ ምድሩን ሲያዩ ነው። በሰሜን አልፕስ ተራሮች ቆመዋል። ከዚያ የሚወርዱት የጎታርድ፣ የሉኮማኞና የሳን በርናርዲኖ መተላለፊያዎች ሁሉም መጨረሻቸው የቲቺኖ ወንዝ ሸለቆ ነው። ሸለቆው ደግሞ ቤሊንዞና ላይ ሲደርስ ይጠባል። ከጠበበውም መሃል አንድ ትልቅ ቋጥኝ ብቅ ብሏል። ከጀርመን አገር ወደ ጣሊያን የሚወርድ ነጋዴ ይሁን ከሚላን ወደ ሰሜን የሚዘምት ጦር፣ በዚያ ቋጥኝ ሥር ማለፍ ግዴታው ነበር። ቦታውን የያዘ ሰው ቀረጥ ይሰበስባል፣ ጦር ያግዳል። ባጭሩ ኬላ ነው፤ ግን ኬላ ብቻ ሆኖ የቀረ ሳይሆን ተራራ የሚያህል ኬላ።

ሮማውያን ይህን ቀድመው አይተውታል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቋጥኙ ላይ ምሽግ ነበራቸው። በ590 ደግሞ ኦሎ የሚባል የፍራንኮች መስፍን ሳይጠነቀቅ ወደ ምሽጉ ቀርቦ እዚሁ ተገደለ። ዛሬ የምናያቸው ግንቦች ግን በአብዛኛው የሚላን መሳፍንት ሥራ ናቸው። የቪስኮንቲ ቤተሰብ ከተማዋን በ1340 ያዘ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ስፎርዛዎች ተተኩ።

ሚላኖች ይህን ሁሉ ድንጋይ የከመሩት ከሰሜን የሚመጡትን የስዊዝ ተራራማ ወረዳዎች ፈርተው ነው። ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው። በ1419 ኡሪና ኦብቫልደን የተባሉት ወረዳዎች ከተማዋን በገንዘብ ገዝተው ነበር። ሚላን አስመለሰቻት። በ1422 ከከተማዋ አፍ ላይ፣ አርቤዶ በሚባል ቦታ፣ ስዊዞቹ ተሸነፉ። ነገሩ በዚህ አልበቃም። በ1478 ታኅሣሥ ላይ የሚላን ጦር በሸለቆው ሽቅብ ዘምቶ ጆርኒኮ ላይ ቁጥሩ እጅግ ባነሰ የስዊዝ ኃይል ተደቆሰ። ከዚያ በኋላ ሚላን ውስጥ እንቅልፍ ጠፋ። ሦስተኛው ግንብ የተሠራው በዚህ ድንጋጤ ነው።

የሚገርመው መጨረሻው ነው። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ከተማዋን ስዊዞች በጦር አልያዟትም። በ1499 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 12ኛ ሚላንን ወረረ። በ1500 የቤሊንዞና ሰዎች ፈረንሳይን ከመሸከም ብለው ራሳቸው ለኡሪ፣ ለሽቪትስና ለኒድቫልደን እጃቸውን ሰጡ። ስዊዞችን ለመከላከል የተሠራው ግንብ የስዊዞች ሆኖ ቀረ። ይህ ማለት ግን እኩል ዜጋ ሆኑ ማለት አይደለም። ከሰሜን የሚላኩ ሹማምንት እስከ 1798 ድረስ ገዟቸው። ቲቺኖ ራሱን የቻለ ካንቶን የሆነው በ1803 ነው። ከዚያም ቤሊንዞና፣ ሉጋኖና ሎካርኖ በዋና ከተማነት አልስማማ ብለው በየስድስት ዓመቱ ይፈራረቁ ነበር። መንግሥቱ ሰነዱን ጠቅልሎ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖሮ በ1878 ቤሊንዞና ላይ ረጋ።

ወደ ግንቦቹ እንሂድ። ብዙ ሰው ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ነው የሚጎበኛቸው። በኔ እይታ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ሦስቱም ከከተማው ቅጥር ጋር ሆነው አንድ መዝጊያ ናቸው። በ2000 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው ግንቦቹን ለብቻ ሳይሆን ከመከላከያ ግድግዳውና ከከተማው ቅጥር ጋር አንድ አድርጎ ነው።

ካስቴልግራንዴ፣ ማለትም ትልቁ ግንብ፣ ያ መሃል ላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጧል። ከሁሉም ጥንታዊው እሱ ነው። ሁለት ረጃጅም ማማዎች አሉት፤ አንዱ ነጭ ማማ፣ ሌላው ጥቁር ማማ ይባላል። ሁለቱም 27 እና 28 ሜትር ገደማ ናቸው። ግቢው ሰፊ፣ ሣር የለበሰና ባዶ ነው። ያን ባዶነት አይቶ ቅር የሚለው ጎብኚ አይጠፋም። ዙፋን የለም፣ የንግሥት መኝታ ቤት የለም። ግን ግቢው የተሠራው ለንጉሥ ሳይሆን ብዙ ወታደር ለማስፈር ነው። በኋላ ዘመን የጦር መሣሪያ ማከማቻና እስር ቤትም ሆኖ አገልግሏል።

በ1980ዎቹ አውሬሊዮ ጋልፌቲ የተባለ የቲቺኖ አርክቴክት ግንቡን አደሰው። ያደረገው ነገር ደፋር ነው። ቋጥኙን የሸፈነውን ቁጥቋጦ አስነስቶ ድንጋዩን ራቁቱን አስቀረው። ከዚያ ከታች ካለው ፒያሳ ዴል ሶሌ በቋጥኙ ሆድ ውስጥ ሊፍት አስገባ። በጠባብ የኮንክሪት ስንጥቅ ገብታችሁ፣ ተሳፍራችሁ፣ ግንቡ ላይ ብቅ ትላላችሁ። ኮንክሪት ከጥንት ድንጋይ ጋር ምን አገናኘው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። አዲሱ ነገር አሮጌ ለመምሰል አይሞክርም፤ የቱ የ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ የቱ የትናንት እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ከካስቴልግራንዴ ወደ ምዕራብ የሚወርደውን ግድግዳ ሳያዩ መሄድ ትልቅ ኪሳራ ነው። ሙራታ ይሉታል። ሉዶቪኮ ስፎርዛ ከ1486 እስከ 1489 ያሠራው ነው። ሸለቆውን ከቋጥኙ እስከ ወንዙ ድረስ ይዘጋ ነበር። በላዩ ይኬዳል፤ በውስጡም ወታደሮች ይመላለሱበት የነበረ ጨለማ መተላለፊያ አለ። ልጆች ካሉ ከሙዚየሙ ይልቅ ይህን ነው የሚወዱት።

ግድግዳው ዛሬ ወንዙ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ያስቆመው ጠላት አይደለም። በ1513 ቢያስካ አጠገብ ተራራ ተንዶ ወንዝ ዘጋና ሐይቅ ተፈጠረ። በ1515 ያ የተፈጥሮ ግድብ ተደረመሰ። ጎርፉ ሸለቆውን ጠርጎ ቤሊንዞና ሲደርስ የሙራታን ጫፍና ቶሬታ የሚባለውን ድልድይ ይዞ ሄደ። ድልድዩ እንደገና የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ግንብ ሞንቴቤሎ በምሥራቅ በኩል ከከተማው 90 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። የጀመሩት ሩስካ የሚባሉ የኮሞ ባላባቶች ናቸው። ሲያዩት፣ ሰው በልጅነቱ ግንብ ሳል ቢባል የሚስለው ዓይነት ነው፤ ተንቀሳቃሽ ድልድይ፣ ጥርሳም ቅጥር፣ በግንብ ውስጥ ግንብ። የአርኪኦሎጂ ሙዚየምም አለው። ከሥሩ ባቡር በዋሻ ያልፋል።

ሦስተኛው ሳሶ ኮርባሮ ነው። ከከተማው 230 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለብቻው፣ ከቅጥሩ ጋር ሳይገናኝ ቆሟል። ከጆርኒኮ ሽንፈት በኋላ፣ በ1479፣ በስድስት ወር ተጣድፎ የተሠራ ነው። ሥራውን የመራው ቤኔዴቶ ፌሪኒ የሚባል የፍሎረንስ መሐንዲስ ነበር። አራት ማዕዘን፣ ወፍራም፣ ጌጥ የሌለው ሕንጻ ነው። ውበቱ ውስጡ ሳይሆን ከላዩ የሚታየው ነው። ሁለቱ ግንቦች፣ ሙራታ፣ ወንዙ፣ ሸለቆው እስከ ማጆሬ ሐይቅ አቅጣጫ ድረስ ከፊታችሁ ይዘረጋል።

ለዚህ ነው ጉብኝቱን ከላይ መጀመር የምመክረው። በአውቶብስ ወይም በታክሲ ሳሶ ኮርባሮ ውጡ። የሸለቆውን አዘጋግ ከላይ አይታችሁ፣ በእግር ወደ ሞንቴቤሎ ውረዱ። ከዚያ በደረጃው ወደ አሮጌው ከተማ፣ መጨረሻ ላይ በሊፍቱ ወደ ካስቴልግራንዴ። ጉልበትም ይቆጠባል። መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ሂል ጫማ አይሆንም። አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል። በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ የላይኞቹ ሁለት ግንቦች ሙዚየሞች አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ናቸው።

ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። የአሮጌው ከተማ ጎዳናዎች ገበያ ይሆናሉ። ከተራራ ግጦሽ የወረደ አይብ፣ ሉጋኒጋ የሚባል ቋሊማ፣ ዳቦ፣ አበባ ይሸጣል። ምሳ ላይ ፖሌንታ ሞክሩ። የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ከወጥ ወይም ከአይብ ጋር ይቀርባል። ወይን የሚጠጣ ሰው የቲቺኖን ሜርሎ ይጠይቅ። ዋጋው ግን ስዊዝ ነው። ከጣሊያን በኩል የመጣ ሰው ሂሳቡን ሲያይ ዓይኑን ያሻል።

ቤተ ክርስቲያን ማየት ለሚወድ፣ ከመሃል ከተማ በስተደቡብ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራዚዬ አለች። ውስጧን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ በሙሉ ሥዕል ነው፤ መሃል ላይ ስቅለት፣ ዙሪያውን የክርስቶስ ሕይወት በየክፍሉ ተስሏል። በ1996 የዓመቱ የመጨረሻ ቀን በእሳት ክፉኛ ተጎድታ ነበር። እድሳቱ ዓመታት ፈጅቷል። ብዙ ቱሪስት ስለማይደርስባት ጸጥ ያለች ናት።

ጸጥታ የማይወድ ደግሞ በራባዳን ይምጣ። ከ1862 ጀምሮ የሚከበር ካርኒቫል ነው፤ ካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ከመግባታቸው በፊት ባሉት ቀናት ይውላል። ከንቲባው የከተማዋን ቁልፍ ለንጉሥ ራባዳን ያስረክባል። ከዚያ በኋላ የነሐስ ባንዶች፣ ጭምብልና ጭፈራ ነው። በነዚያ ቀናት ሆቴል በመጨረሻ ሰዓት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

መድረሱ ቀላል ነው። በ2016 የተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጎታርድ የባቡር ዋሻ ዙሪክን አቅርቧታል። ከሉጋኖና ከሎካርኖ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ ሸንገን ውስጥ ግን አለች። ስለዚህ በጣሊያን ወይም በጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ወገኖች ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ፓስፖርታችሁንና ፈቃዱን ግን በእጃችሁ ያዙ፤ ኪያሶ ድንበር ላይ ፖሊሶች ባቡር ውስጥ ገብተው ሊጠይቁ ይችላሉ።

ለማደር የወሰነ ሰው በማግሥቱ ከወንዙ ማዶ ወደ ሞንቴ ካራሶ ይሻገር። ከዚያ በትንሽ ኬብል ካር ተራራው ላይ ወጥቶ፣ በ2015 የተሠራውን 270 ሜትር የሚረዝም ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ያገኛል። ከሥሩ 130 ሜትር ያህል ገደል አለ። ድልድዩ ይወዛወዛል፤ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ታች ካፌ ቁጭ ብሎ ጓደኞቹን ቢጠብቅ ይሻለዋል።