ኢማንሲፔሽን ምንድን ነው?

«ኢማንሲፔሽን ማለት በቃ ነጻነት ነው፤ ሊንከን አወጀ፣ ባሪያው ሁሉ በዚያው ቀን ነጻ ወጣ።» አንድ ተንታኝ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ስለ ሊንከን ይህን ሲል ሰማሁ። ሕግ ለሚያስተምር ሰው ያንገበግባል።

ነጻነት ሰው የሚኖርበት ሁኔታ ነው። ኢማንሲፔሽን ግን ሕጋዊ ድርጊት ነው። በሌላው ሰው ላይ ያለ ሥልጣን የሚያበቃበት ነው። ስለዚህ የማን ሥልጣን? በማን ላይ? ከመቼ ጀምሮ? ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ቃሉ ላቲን ነው፤ ከጨበጠው እጅ ማውጣት እንደማለት። ሮማውያን ግን የተጠቀሙበት ለባሪያ ሳይሆን ለልጅ ነበር። የሮም ሰው ጎልምሶ፣ ወልዶም ቢሆን አባቱ በሕይወት እስካለ በሥልጣኑ ሥር ነው። ጥንታዊው የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ደግሞ አባት ልጁን ሦስት ጊዜ ከሸጠው ልጁ ነጻ ይሁን ይላል። የሕግ ሰዎች ከዚህ መውጫ አበጁ። አባት ልጁን ለሚያምነው ወዳጁ ለይስሙላ ሦስቴ ይሸጠዋል፤ ወዳጁም ይለቀዋል። ለሴት ልጅ አንድ ሽያጭ ይበቃል። በነገራችን ላይ፣ በጥንቱ ሕግ እንዲህ የተለቀቀ ልጅ የአባቱን ውርስ ያጣ ነበር።

ይህ ትርጉም ዛሬም አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የቤተሰብ ሕግ፣ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ሲያገባ ከሞግዚቱ ሥልጣን ነጻ ይወጣል ይላል።

የነጻነትንና የኢማንሲፔሽንን ልዩነት መኪና ያሳያል። ቁልፉ በእጅህ ነው፤ እንደልብህ ትነዳለህ። ሊብሬው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1838 ከባርነት አመለጠ። ቁልፉን ያዘ ማለት ነው። ሠራ፣ ጻፈ፣ አደባባይ ወጥቶ ተናገረ። ሊብሬው ግን ካመለጠባት ግዛት ከሜሪላንድ፣ ከጌታው ዘንድ ነበር፤ ጌታው ሊያስይዘው ይችል ነበር። በ1846 የእንግሊዝ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው በሕግ አስለቀቁት። እዚህ ላይ ሊብሬው ስም አልዞረም፤ ተቀደደ። እርግጥ ጌታ አንድን ባሪያ ብቻ ሲለቅ ትክክለኛ ስሙ ማኑሚሽን ነው።

ወደ ሊንከን እንመለስ። እ.ኤ.አ. የጥር 1 ቀን 1863ቱ አዋጅ የሚመለከተው በእርስ በርስ ጦርነቱ ያመፁትን የደቡብ ግዛቶች ብቻ ነበር። ከኅብረቱ (ከሊንከን መንግሥት) ጋር የቀሩት የባርነት ግዛቶች ኬንታኪ፣ ሚዙሪ፣ ሜሪላንድና ደላዌር አልተነኩም። ባመፁትም ውስጥ ቢሆን አዋጁ የሚሠራው የኅብረቱ ጦር ሲደርስ ነው። ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን የተነገረው ሰኔ 19 ቀን 1865 ነው። ሚዙሪና ሜሪላንድ ጦርነቱ ሳያልቅ ባርነትን ራሳቸው አስቀሩ። በኬንታኪና በደላዌር የነበሩት ግን 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በታኅሣሥ 1865 እስኪጸድቅ ድረስ በሕግ ባሪያ ነበሩ።